አባቴ ለቅኝ ገዢው የቆሙበት ቀን

ወንድሜ ንግግር ሲያደርግ የሰማሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሲያነብ ግን ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወረታ ገበያው ዳር፣ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ፣ ገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ፣ ከበላይ የተላከለትን ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ ያነብ ነበር። ደኅና አድርጎ ነው የሚያነበው፤ አንድ ፊደል አይስትም። ለቅሶ ሊደርሱን የመጡ ሰዎች «እንዴት ያለ ተናጋሪ አጣን!» ሲሉ ግን ያን ንባብ ማለታቸው እንዳልነበረ አውቃለሁ። እነሱም በልባቸው የያዙት ያችኑ አንዷን ቀን ነው።

እኔ የመጻፍ ልምድ የለኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ አልቀጠልሁም። ወንድሜ ከሞተ ይህ ሁለተኛው ክረምት ነው። እሱ ከሞተ በኋላ መንግሥት ተለውጧል፤ ያን ጊዜ የማይጻፈው ዛሬ ይጻፋል። ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት። የምተወው ስለ እሱ ለመጻፍ ስለ ራሴም መጻፍ ስላለብኝ ነው። ያን ቀን ቃለ ጉባኤ የያዝሁት እኔ ነበርሁ። የመጣው ነገር ሁሉ በእኔ ብዕር ነው የመጣው።

ቤታችን ቁሐር ሚካኤል ነው። ክረምት ሜዳው ውኃ ሲሆን ሰው ከብቱን ይዞ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ ውኃው ሲሸሽ ይወርድና ጭቃው ሳይደርቅ ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ወንድሜ በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። ወንድምዓለም ነበር የምለው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አገሬው ፊደል ሲቆጥር አስተማሪው እሱ ነበር፤ ከዚያ የማኅበሩን ማስታወቂያ የሚያነበው፣ ስብሰባውን የሚከፍተው እሱ ሆነ። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርሁ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ የስብሰባውን መዝገብ ለእኔ ሰጡኝ። ኩራቴ አይጣል ነበር።

አፍሪካን የሰማነው ወረታ ከአንድ ሱቅ ውስጥ ነው። ባለሱቁ ሐጂ ናቸው፤ ጨርቅ፣ ጨው፣ ላምባ ይሸጣሉ። ከጨርቁ ጥቅል ኋላ ትልቅ ራዲዮ አላቸው። በገበያ ቀን የተላክንበትን ገዝተን ስንጨርስ ወንድሜ ከጨው ጆንያው ላይ ይቀመጥና ጆሮውን ወደ ራዲዮው ይሰጣል። አንጎላና ሞዛምቢክ ነፃ ወጥተዋል። ሮዴዥያ ገና እየተዋጋች ነው። አንዳንድ ጊዜ ዜናው መሐል የአንዱን መሪ ድምፅ በራሱ ቋንቋ ያሰሙና ትንሽ ቆይቶ አማርኛው ይደረብበታል። ይኼኔ ወንድሜ ይናደዳል።

«ገባበት! ተርጓሚው ገባበት!»

«ታዲያ ሰውየው የሚለው ገብቶህ ነው?» ይላሉ ሐጂ ጨርቅ እየለኩ።

«አልገባኝም።»

«እና ምኑን ነው የምትሰማው?»

«የት ላይ እንደሚያርፍ ነው ሐጂ። ያርፋል። ዝም ይላል። ከዚያ ሕዝቡ…»

«እኔ ዝም ስል ገዢው ጥሎኝ ይሄዳል!» ይሉና ይስቃሉ፤ ግን ራዲዮውን ከፍ ያደርጉለታል።

ከወረታ ወደ ቁሐር ስንመለስ መንገዱ የእሱ መድረክ ነው። በግራ በቀኝ የፎገራ ከብት ተሰማርቷል፤ ሰው የለም። ቆም ይልና «ሕዝብ ሁንልኝ» ይለኛል።

«ስንት ሰው ልሁን?»

«አንድ ስታዲየም ሙላ።»

እጁን ያነሣል፣ ይጀምራል። እኔ አጨበጭባለሁ፣ እጮኻለሁ። ላሞቹ ቀና ብለው ያዩናል።

«ቀስ! ገና አላረፍሁም እኮ» ይለኛል። «ሳላርፍ የሚያጨበጭብ ሕዝብ አልወድም።»

«እንግዲያው ስታርፍ ንገረኝ።»

«የሚነገረውማ ምን ሕዝብ ነው!»

እንዲህ እያልን ቤት እንደርሳለን። ያን መንገድ ዛሬም እሄድበታለሁ። ብቻዬን ስሄድ ይረዝማል።

አባቴ የወንድሜን ንባብ አይወዱም ነበር። አባቴ ከአብዮቱ በፊት ሞጋች ነበሩ። የኛ ሜዳ ውኃው በየዓመቱ ድንበር ይዞ ይሄዳል፤ ውኃው ሲሸሽ ሰው ከሰው ይካሰሳል፤ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ይቀመጣል፤ መናገር የማይችል ሰው የሚናገርለት ይፈልጋል። አባቴ ያን ጊዜ ይቆማሉ። ለተበደለ ብቻ ቢሆን ይገባኝ ነበር። ለበደለም ይቆማሉ። አንድ ጊዜ ድንበር ገፍቶ ላረሰ ሰው ቆመው ሲመለሱ ጠየቅኋቸው።

«አባዬ፣ ሰውየው ጥፋተኛ አይደለም እንዴ?»

«ነው እንጂ።»

«ታዲያ ለምን ቆሙለት?»

«ጥፋቱ እንዲታወቅ ነዋ! አፉን ሳይከፍት ቢፈረድበት ከርሞ መጥቶ አልተሰማሁም ይላል። የሚለውን ሁሉ ብሎ ሲረታ ግን ዝም ብሎ ይሄዳል።»

ወንድሜ ይህን ሲሰማ «የድሮ ነገር» ይላል። አባቴም የእሱን ወረቀት ሲያዩ «ይኼ ንባብ ነው እንጂ ነገር አይደለም» ይላሉ። ሁለቱ እንዲህ ነበሩ።

ያ ስብሰባ የተጠራው ውኃው ሸሽቶ ዘር በደረሰበት ሰሞን ነው። ገና ነፃ ላልወጡት የደቡባዊ አፍሪካ አገሮች ሕዝቦች አጋርነት እንዲገለጥ ታዘዘ፤ ስድስት ገጽ ጽሑፍ ተላከ። ወንድሜ እንዲያነበው፣ እኔ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ። ገበሬው እርሻውን ጥሎ መጥቶ ዋርካው ሥር ተቀምጧል፤ ልቡ ከማሳው ነው። ከወረታ አንድ ካድሬ መጥቶ ወንበር ተሰጠው። ወጣት ነው፤ የሌላ አገር ሰው። ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ እሱን በእንጨት ሲጠርግ ነበር።

ወንድሜ ማንበብ ጀመረ። «ጓዶች! የዓለም ኢምፔሪያሊዝም…» አንዱ ገጽ ሳያልቅ ሰው ማንጎላጀት ያዘ። ከኋላ አንዱ አዛውንት ጮክ ብለው፣

«ልጄ፣ ይኼ ኢምፔሪያሊዝም የምትለው ሰውዬ ያገራችን ነው?» አሉ።

ሰው ሳቀ። ወንድሜም ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ፈገግ አለ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ። እኔ ጠፋበት ብዬ ደነገጥሁ። ወረቀቱን በአራት አጥፎ ኪሱ ከተተና፣

«አባቶቼ፣ ክስ አለኝ» አለ።

የተኛው ሁሉ ነቃ። ክስ አለኝ ሲባል የማይነሣ የእኛ አገር ሰው የለም። ድሮ ድንበር ይዳኙ የነበሩት ትልቁ ሽማግሌ ተመቻችተው ተቀመጡ።

«ከሳሹ ማነው?»

«የሮዴዥያ ገበሬ ነው። አገሩ ሩቅ ስለሆነ እኔን ወክሎኛል።»

«ተከሳሹስ?»

«ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው።»

«በምን ነው የከሰስኸው?»

«በመሬቴ።»

«በል ተናገር።»

የተናገረውን ሙሉውን አላስታውስም። ጽፌው ነበር። የማስታውሰው ይህን ነው።

«ክረምት ነው በሉ። ውኃው መጣብኝ። ልጆቼንና ከብቶቼን ይዤ ወደ ከፍታው ወጣሁ። ውኃው ሲሸሽ ወረድሁ። ማሳዬ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ሞፈሩ የእኔ ነው፤ በሬዎቹ የእኔ ናቸው፤ ጅራፉ ብቻ የእሱ ነው። ማነህ? አልሁት። ባለመሬቱ ነኝ አለኝ። ወረቀት አሳየኝ። አያትህ ፈርሞበታል አለኝ። አያቴ ወረቀት አይቶ አያውቅም። እንግዲያው እኔ ምን ልሁን? አልሁት። እረስልኝ አለኝ። በመሬቴ፣ በበሬዬ፣ ለእሱ አረስሁ። ልጄ አደገ። ጅራፉን አየና፣ አባዬ ይኼ የማነው? አለኝ። እኔ ለልጄ የምመልሰው አጣሁ። ችሎት የቆምሁት ስለዚህ ነው።»

እዚህ ላይ አረፈ። እኔ እንኳ ሳልነግራቸው ሰዎቹ አንድ ላይ ተነፈሱ። «እውነት!» አለ አንዱ። «ይፈረድለት!» አለ ሌላው።

ትልቁ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተከሳሽ ሳይሰማ? በየት አገር?» ወደ ሰው ዞሩ። «ለተከሳሽ የሚቆም አለ?»

ሳቅ ሆነ።

«ለፈረንጅ ማን ይቆማል!»

«አንተ ቁም እንጂ፣ አንተ ቀላ ትላለህ!»

«እኔ የቀላሁት በወባ ነው፣ ተወኝ!»

ሳቁ አለቀ። የቆመ የለም። ወንድሜ ከፊታቸው እንደቆመ ቀረ። ለተከሳሽ የሚቆም ታጥቶ ፍርድ ካልተሰጠ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ ሆኖ ሊቀር ነው፤ እሱም ገብቶታል፤ እጁ ወደ ኪሱ ወደ ወረቀቱ ሲሄድ አይቻለሁ። ያን ጊዜ አባቴ ተነሡ። ጋቢያቸውን በብብታቸው ሥር አዞሩት።

«እኔ እቆማለሁ» አሉ።

«ለማን ነው የሚቆሙት አባት?» አለ ካድሬው።

«ከባሕር ማዶ ለመጣው።»

ሰው እንደገና ሳቀ። ካድሬው ግን አልሳቀም። አባቴ አላዩትም። ያዩ የነበሩት ወንድሜን ነው።

«ልጄ… የለም፣ ዛሬ ልጄ አይደለህም፤ ባላጋራዬ ነህ። ደኅና ተናግረሃል። አሁን እኔን ስማ። ከሳሽ ውኃው ሲመጣ ሸሸሁ ብሏል። ራሱ ነው ያለው፤ እኔ አላባረርሁትም። ስመጣ ሜዳው ባዶ ነበር። ጭስ የለ፣ የውሻ ድምፅ የለ። መነጠርሁ። ጉድጓድ ቆፈርሁ። መንገድ አወጣሁ። ዛሬ ከሳሽ ወደ ችሎት የመጣበት መንገድ የማነው? የእኔ ነው። አባቴ እዚያ ተቀብሯል። ልጆቼ ከዚያ ሌላ አገር አያውቁም። የት ሂድ ልትሉኝ ነው?»

«ወይ ጉድ! ሰውየውም ነገር አለው» አለ ከአጠገቤ የተቀመጠው። ካድሬው ዞሮ አየው። እኔ ግን አቀርቅሬ እጽፋለሁ። ከአባቴ አፍ የሚወጣው ነገር ያምር ነበር። አንዲት ቃል እንዳታመልጠኝ እጄ እስኪያልበው እጽፍ ነበር።

«ደግሞስ» አሉ አባቴ፣ «ከሳሽ ሦስት ትውልድ ሙሉ የት ነበር? አያቱ ዝም አለ። አባቱ ዝም አለ። በዚህ ሜዳ ድንበሩ ሲገፋ አይቶ ዝም ያለ ሰው ድንበሩን ለቋል። አልለቀቀም የሚል ካለ በማር ይወራረደኝ!»

«በማር!» አለ ወንድሜ ውርርዱን ተቀብሎ፤ በድሮ ሙግት የተረታው ማር ይከፍላል። አንድ እርምጃ ወደ አባቴ ቀረበ። አባቴን «አንተ» ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ለባላጋራ አንቱ አይባልም።

«ዝም አላለም። አፉን ይዘኸው ነው። የአያቱንም አፍ ይዘሃል፤ የአባቱንም አፍ ይዘሃል። አፉ የተያዘ ሰው ዝም አለ ይባላል? እጅህ አፉ ላይ እያለ ዝምታውን ምስክር አድርገህ አትጥራብኝ። መንገድ አወጣሁ አልህ። ድንጋዩን የተሸከመው ማነው? ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ማነው? ስለ ልጆችህ እኔ ክፉ አልናገርም። ልጆችህ ይቀመጡ፤ ጎረቤት ይሁኑ። ጌታ ግን አይሁኑ።»

አባቴ፣ «እጄን ባነሣ ምን ሊል ነው?» አሉ።

«አንሣና ስማ።»

እዚያ ላይ የሆነውን መጻፍ አልቻልሁም። ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም መዝገቡን ይዤ ተነሥቼ እጮኽ ነበር። ወንድሜ ገና አላረፈም ነበር፤ ማንም አልጠበቀውም።

ሽማግሌው ፍርዱን ሊናገሩ እጃቸውን ሲያነሡ ካድሬው ቀደማቸው። «ይኼ ስብሰባ ነው እንጂ ችሎት አይደለም» አለ። መፈክር አሰማ፤ ስብሰባው ተዘጋ። ሊሄድ ሲል ወደ እኔ መጣና መዝገቡን ጠየቀኝ። በሁለት እጄ ሰጠሁት። እውነቱን ለመናገር ያመሰግነኛል ብዬ ነው። «ለቅኝ ገዢው ጥብቅና የቆሙት» ብዬ፣ ከሥሩ አሥምሬ፣ የአባቴን ስም ከነአያታቸው ጽፌ ነበር።

ያን ምሽት ቤታችን ደስታ ነበር። እናቴ ሰማሁ ብላ ትስቃለች። አንዳንዱ ጎረቤት «አባት ለልጁ ለቆለት ነው እንጂ እሳቸው በማን ይረታሉ?» ይላል። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ፊቱ ትንሽ ጠቆረ፤ ግን ደስታው በዛበትና ተወው።

በሦስተኛው ቀን ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው አባቴን ወረታ ወሰዷቸው።

ወንድሜና እኔ በማግሥቱ ካድሬው ቢሮ ቀረብን። መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር።

«አባትህ በሕዝብ ፊት ለቅኝ ገዢ ጥብቅና ቆመዋል» አለው። «እኔ አይደለሁም ያልሁት። እዚህ ተጽፏል።»

ወንድሜ አፉን ከፈተ። «እኛ አገር…» አለ። «እኛ አገር ክስ ሲሰማ… ተከሳሹ…» ቆመ። እንደገና ጀመረ። «የሚቆምለት ካልተገኘ…» ቆመ።

መንገድ ላይ ስታዲየም ሙላልኝ ይለኝ የነበረው ሰው በአንድ ሰው ፊት ሁለት ቃል ማገጣጠም አቃተው። ለሮዴዥያ ገበሬ ያን ሁሉ ያገኘ ሰው ለአባቱ አጣ።

«አባቴ ናቸው» አለ በመጨረሻ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለ ካድሬው።

«የጻፍሁት እኔ ነኝ» አልሁ እኔ።

«አሳምረህ ጽፈሃል» አለኝ።

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። እሱም ይፈራ ነበር፤ በሩን ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ዘጋው። «ይኼ መዝገብ ወደ አውራጃ ይሄዳል» አለ። «ከሄደ በኋላ የእኔ እጅ የለበትም። አሁን ግን እዚህ ነው።» ወንድሜን አየው። «የተላከው ጽሑፍ ተነቦ ቢሆን ይኼ ሁሉ አይመጣም ነበር። ስድስቱም ገጽ ተነበበ ተብሎ በአዲስ ገጽ ይጻፍ። እነዚህ ገጾች ይውጡ። አንተም ከዛሬ ጀምሮ ከተጻፈልህ ውጪ ስብሰባ ላይ አንዲት ቃል አትናገርም። ትፈርምልኛለህ።»

ወንድሜ መዝገቡን ሳብ አደረገ። «ላንብበው?» አለ።

«ቶሎ በል።»

አራት ገጽ ነበር። የራሱን ንግግር ተጽፎ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ቀስ ብሎ አነበበ። የአባቴ ክርክር ላይ ሲደርስ ሳቅ አለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞረ።

«አንሣና ስማ ካልሁ በኋላ ሕዝቡ ምን አለ? አልጻፍኸውም።»

«እኔም እጮኽ ነበር» አልሁት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ አራቱንም ገጽ በራሱ እጅ ቀደደ። ካድሬው ክብሪት ለኮሰ። እኔ አዲሱን ገጽ ጻፍሁ። የተላከው ጽሑፍ ተነበበ፤ ሕዝቡም በጭብጨባ ተቀበለው። ወንድሜ ፈረመ።

አባቴ በማግሥቱ ተፈቱ። ሦስታችን ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ከዚያ አባቴ፣

«መዝገቡስ?» አሉ።

«ቀደድሁት» አለ ወንድሜ።

አባቴ መንገዱ መሐል ቆሙ። «የአንተም ነገር እዚያው ላይ አልነበረም?»

«ነበረ።»

«እሱ ከሚቀደድ እኔ እኮ እታሰር ነበር» አሉ።

«ተፈተዋል አባዬ። እንሂድ፣ ፀሐይ በረታ።»

«እታሰር ነበር ነው የምልህ። ሰው ይታሰራል፣ ይፈታል።»

ወንድሜ የአባቴን በትር ተቀብሎ ፊት ፊት ሄደ። እኔ ከኋላ ነበርሁ። ሁለቱም አልወቀሱኝም። ያ ነው እስከ ዛሬ የሚከብደኝ። አንዱ አንድ ቀን በጥፊ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሮዴዥያ ዚምባብዌ የተባለች ሰሞን ገበያ ነበርን። ሐጂ ከሱቃቸው ወጥተው ተጣሩ። የዚያ ቀን ወሬ እሳቸውም ዘንድ ደርሶ ነበርና፣ «ኑ! ኑ! ባለመሬቱ መሬቱን አገኘ!» አሉ። ራዲዮው መጨረሻው ድረስ ተከፍቷል። አንድ ሰው ይናገራል፤ ያርፋል፤ ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ይመጣል። ወንድሜ ጆንያው ላይ አልተቀመጠም። ቆሞ ሰማው። ተርጓሚው ሲገባ እንኳ አልተናደደም።

«በል ዛሬ እንኳ ውጣና ተናገር» አሉት ሐጂ። «ገበያው ሙሉ ነው፤ ሰው ይስማ።»

ወንድሜ በበሩ ወደ ገበያው አየ። በርበሬ የሚሸጡ፣ ጊደር የሚያዋዋሉ፣ ከይፋግ የመጡ ነጋዴዎች፤ ያ ሁሉ ሰው።

«ወረቀት አልደረሰኝም ሐጂ» አለ።

ሐጂ ገባቸው። ራዲዮውን ቀነስ አድርገው ጨርቃቸውን መለካት ያዙ።

ስንመለስ ከብቱ በተሰማራበት ሜዳ ላይ «ሕዝብ ልሁንልህ?» አልሁት። ሳቀና ትከሻዬን ያዘኝ። «ሕዝቡ ደክሞታል። ወደ ቤቱ ይግባ» አለኝ።

እሑድ ሚካኤል ደጀ ሰላም ላይ ትልቁ ሽማግሌ ያዙት።

«ያ ክስ ምን ደረሰ?»

«ተፈረደ።»

«ለማን?»

«ለከሳሹ።»

ሽማግሌው ሌላ ነገር ጠበቁ። ወንድሜ እጃቸውን ስሞ አለፈ። ስብሰባም አልነበረም፤ ማንም አይሰማውም ነበር። ግን ፊርማው ፊርማ ነው ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት አነበበ። የነፃነት በዓል፣ የማዳበሪያ ማስታወቂያ፣ የውትድርና ምዝገባ፣ ሁሉንም በዚያው በአንድ ድምፅ። አባቴ በየስብሰባው ከፊት ይቀመጣሉ። አንዳንዴ አንድ ዐረፍተ ነገር ጨርሶ ቀና ሲል አባቴና እሱ ይተያያሉ። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይመለሳል።

የሞተው በወባ ነው። መጀመሪያ አጥንቱን ሲያመው ብርድ ነው ብለን ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድነው፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው እንደዚያ ነው። ሰባት ቀን ሲታጠብ ሰነበተ። ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ዘግይተን ነበር። ትኩሳቱ ሲብስበት ብዙ አወራ፤ ስለ አፍሪካ አልነበረም፤ ስለ አንዲት ጊደር ነበር። ቤተ ክርስቲያን የሕይወት ታሪኩን ያነበብሁት እኔ ነኝ። መቼ እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ስንት ሰው ፊደል እንዳስቆጠረ። አንድ ገጽ። ያችን ቀን አልጻፍሁም። ያን ጊዜ ገና ዘመኑ አልተለወጠም ነበርና ፈራሁ። አንድ ጊዜ ጽፌ ያመጣሁትን አውቀዋለሁ።

ዘንድሮ ውኃው ሜዳውን ሲሞላው፣ ከፍታው ላይ ተሰብስበን ሥራ ስንፈታ፣ አባቴ ደብተሬን አዩ።

«ምን ትጽፋለህ?»

«የወንድምዓለምን ንግግር። የማስታውሰውን።»

«አንብብልኝ።»

አነበብሁላቸው። ክረምት ነው በሉ ብዬ ጀምሬ፣ አባዬ ይኼ የማነው እስከሚለው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ።

«የእኔስ?» አሉ።

«የእርስዎን አልጻፍሁም።»

«ለምን?»

«ባለፈው ስጽፈው…» አልሁና ቀረሁ።

«ጻፈው» አሉኝ። «የእኔ ከሌለ ማንን ነው የረታው? ለብቻው ሜዳ ላይ የጮኸ ሰው አታስመስለው።»

ተነሡ። ለመነሣት በትሩን ይዘው ነው አሁን። ጋቢያቸውን በብብታቸው ሥር አዞሩት። እኔ ከረሳሁት እሳቸው አልረሱም፤ ቃል በቃል ነው የሚያስታውሱት። ጭስ የለ፣ የውሻ ድምፅ የለ። ቀስ እያሉ፣ እስክጽፍ እየጠበቁ። ዝም ያለ ሰው ድንበሩን ለቋል የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው እንደ ድሮው ወጣ። «በማር ይወራረደኝ!» አሉና ዝም አሉ።

ገና እየጻፍሁ ስለነበር ለምን እንዳቆሙ አልገባኝም። ቀና ስል እያዩኝ ነው።

«መልስ እንጂ» አሉኝ። «ተራው የእሱ ነው።»

እኔ እንደ እሱ መናገር አልችልም። «በማር» አልሁ። ከዚያ ከራሴ እያወጣሁ፣ እየቆምሁ፣ እየረሳሁ አልሁት። አፉን ይዘኸው ነው። አባቴን አንተ ማለት ከበደኝ፤ ግን አልሁት። መንገዱን፣ ድንጋዩን፣ ልጆቹ ጎረቤት ይሁኑ ያለውን። አንድ ቦታ ስሳሳት አባቴ እጃቸውን አንሥተው ጠበቁኝ።

«እጄን ባነሣ ምን ሊል ነው?» አሉ።

«አንሣና ስማ» አልሁ።

ቆመው ቆዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ፈትተው ለበሱት፣ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ተረትቻለሁ» አሉ። «እሱንም ጻፈው።»